ለማኅበረሰባችን አገልግሎት ከመንግሥት በጀት እንዴት እንደሚጠየቅ፦ ደረጃ በደረጃ

«የሽማግሌዎቻችን መዋያ ሊዘጋ ነው፤ ለማን እንጻፍ?» «ለልጆቹ የቤት ሥራ ማገዣ ገንዘብ ከየት ይገኛል?» «ከንቲባው እሺ ብሎን ነበር፣ ዓመቱ አለቀ፣ አሁንስ?» እነዚህ ጥያቄዎች በየሳምንቱ ይመጡልኛል። ከነታንያም፣ ከአሽቀሎንም፣ ከቤር ሼቫም፣ ከክርያት ጋትም። ለሁሉም በስልክ መመለስ ስላልቻልኩ አንዴ በሥርዓቱ ልጻፈው። የጻፍኩት እስራኤል ውስጥ ላለነው ለቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ነው። የዕብራይስጡን የቢሮ ቃል እንዳለ ትቼዋለሁ፤ ደብዳቤው ላይ የምታገኙት እሱን ስለሆነ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የመንግሥት ገንዘብ ሰዒፍ አለው። ሰዒፍ ማለት በበጀቱ ውስጥ ያለ መስመር ነው፤ ቁጥር አለው፣ ስም አለው፣ የሚያዝበት ሰው አለው። ጥያቄያችሁ ከነዚህ መስመሮች አንዱ ላይ ካላረፈ ሰው ሁሉ ያዝንላችኋል፣ ቡና ያጠጣችኋል፣ ገንዘቡ ግን አይወጣም።

እኛ የመጀመሪያውን ዓመት ያባከንነው በዚህ ነው። አንድ ቢሮ አራት ጊዜ ተመላለስን። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ዳቦ ተጋግሮ። በክብር ተቀበሉን፣ ፎቶም ተነሣን። በአምስተኛው ቀን አንዲት ጸሐፊ ወደ ጎን ወስዳ ነገረችን፤ የጠየቅነው ነገር እዚያ ቢሮ በጀት ውስጥ መስመር አልነበረውም። ዓመት ሙሉ ደጅ የጠናነው የተሳሳተ ደጅ ነበር። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እናንተ ያንን ዓመት እንዳትከፍሉ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ

አሙታ (ለትርፍ ያልቆመ የተመዘገበ ማኅበር) ካላችሁ እነዚህን አንድ ፋይል ውስጥ አስገቡ፦

- የአሙታው የምዝገባ ወረቀትና መተዳደሪያ ደንብ
- የዘመኑ ኒሁል ታኪን፣ ማለትም አሙታው በትክክል እየተዳደረ ነው የሚል የራሻም ሃአሙቶት (የማኅበራት መዝጋቢው) ማረጋገጫ። አሙታው ከተመዘገበ 2 ዓመት ካልሞላው በዚህ ፈንታ ሰነድ ማቅረባችሁን የሚያሳይ ወረቀት ነው የሚሰጣችሁ
- የሒሳብ መዝገብ አያያዝና የግብር ማረጋገጫ
- በሮኤ ሔሽቦን (በኦዲተር) የተፈረመ የመጨረሻው የሒሳብ መግለጫ
- የሙርሼ ሃቲማ ቃለ ጉባኤ (ማን መፈረም እንደሚችል የተወሰነበት)
- በአሙታው ስም ያለ የባንክ ሒሳብ ማረጋገጫ
- ካርቲስ ሃኻም፣ የመንግሥት የድጎማ ጥያቄ በኢንተርኔት ሲገባ የሚፈረምበት ካርድ። እስኪሠራ ጊዜ ስለሚወስድ ዛሬውኑ እዘዙት
- የተገልጋዮች ዝርዝር፣ ከነፈቃዳቸው
- አንድ ደብተር። በእጅ የሚጻፍበት ተራ ደብተር።

አሙታ የላችሁም? ችግር የለም። ለአገልግሎት መወትወት ማንም ዜጋ ይችላል። ገንዘቡን ግን የሚቀበል ሕጋዊ አካል ያስፈልጋል። የሰፈራችሁ ማትናስ (የማኅበረሰብ ማዕከል)፣ ሌላ ነባር አሙታ ወይም ኢሪያው (የከተማው አስተዳደር) ራሱ አገልግሎቱን ሊያስኬደው ይችላል። በዚህ ጊዜ እናንተ የምትጠይቁት «ገንዘብ ስጡን» ብላችሁ ሳይሆን «ይህን አገልግሎት እዚህ ሰፈር ክፈቱ» ብላችሁ ነው። ለብዙ ሰፈር ይሄ ይሻላል፤ የአሙታ ወረቀት ሥራ ቀላል አይደለም።

1. ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«ማኅበረሰባችን ብዙ ችግር አለበት» ጥያቄ አይደለም። «በዚህ ሰፈር ላሉ 30 አረጋውያን በሳምንት 2 ቀን የሚከፈት፣ ምሳና መጓጓዣ ያለው፣ አማርኛ የሚናገር አስተባባሪ የሚመራው መዋያ እንፈልጋለን» ጥያቄ ነው። ልዩነቱ ምንድነው? ሁለተኛውን የሰማ ባለሥልጣን የትኛው ክፍል እንደሚመለከተው ወዲያው ያውቃል። የመጀመሪያውን የሰማ ግን ራሱን ይነቀንቅና ወደ ሌላ ቢሮ ይልካችኋል።

አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ። ስምንት ነገር ይዞ የገባ ሰው የሚሰጠው ከስምንቱ ርካሹን ነው።

2. ቁጠሩ

ደብተሩ እዚህ ላይ ይመጣል። በየቀኑ ማን መጣ፣ ምን ፈለገ፣ ምን ሳይሆንለት ተመለሰ። ለሦስት ወር ያህል ሳታቋርጡ ጻፉ።

ለምን እንደሚጠቅም በአንድ ነገር ላሳያችሁ። አንዲት እናት በየሳምንቱ ጥቁር ፌስታል ይዘው ይመጡ ነበር። ውስጡ ደብዳቤ ነው፤ ከቢቱዋሕ ለኡሚ (ከብሔራዊ ኢንሹራንስ)፣ ከኩፓት ሆሊም (ከጤና መድኅኑ)፣ ከመብራት። አንዱም አልተከፈተም። ልጃቸው ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፣ ማንበቢያ የላቸውም። ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈን በቀኑ ስንደረድረው ቀናቸው ያለፈ ሦስት የሐኪም ቀጠሮዎች አገኘን። አንዱ የዓይን ነበር። እኚህን እናት ሁሉም «አሳዛኝ ታሪክ» ብሎ ሊያልፋቸው ይችላል። ደብተራችሁ ላይ እንደሳቸው ያሉ ስንት ሰዎች በስንት ወር ስንት ቀጠሮ እንዳመለጣቸው ካለ ግን ነገሩ ታሪክ መሆኑ ቀርቶ የአገልግሎት ጉድለት ይሆናል፤ ጉድለት ደግሞ መልስ ይፈልጋል።

ከደብተሩ ጎን የመንግሥትን የራሱን ቁጥር አስቀምጡ። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ፣ ላማስ የምንለው፣ በስግድ በዓላችን ሰሞን ስለ ኢትዮጵያ ተወላጆች መረጃ ያወጣል፤ በየከተማው ስንት እንደሆንን ጭምር። የእናንተን ቁጥር ሊጠራጠሩ ይችላሉ፣ የራሳቸውን ግን አይጠራጠሩም።

ማስጠንቀቂያ፦ የሰው ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና የሕመም ነገር በዋትሳፕ ቡድን አትላኩ። ለቢሮ የምትሰጡት ወረቀት ላይም ስም አያስፈልግም፤ ዕድሜና ችግሩ ይበቃል።

3. ዋጋውን አውጡ

ብዙዎቻችን እዚህ እናፍራለን። ገንዘብ መጥራት ነውር ይመስለናል። ነገር ግን ዋጋ የሌለው ጥያቄ በጀት ውስጥ መግባት አይችልም፤ እናንተ ካልጻፋችሁት ሌላ ሰው በግምት ይጽፈዋል፣ የሱ ግምት ደግሞ ሁልጊዜ ያንሳል።

ለምሳሌ ያህል እንዲህ ይሠራል (ዋጋዎቹን በሰፈራችሁ ዋጋ ቀይሯቸው)። መዋያው በዓመት 46 ሳምንት፣ በሳምንት 2 ቀን ቢከፈት 92 ቀን ነው።

- መጓጓዣ፦ በቀን 600 ሸቀል፣ በዓመት 55,200
- ምሳ፦ ለ30 ሰው በ35 ሸቀል፣ በቀን 1,050፣ በዓመት 96,600
- አስተባባሪ በግማሽ ቀን፦ በወር 6,500 ከነአሠሪው ወጪ፣ በዓመት 78,000

ድምሩ 229,800 ሸቀል። አሁን ይህን ለ92 ቀንና ለ30 ሰው አካፍሉት። ለአንድ አረጋዊ በቀን 83 ሸቀል አካባቢ ይመጣል። በስብሰባ ላይ የምትናገሩት ይህችን ቁጥር ነው። 229,800 ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ «ለአንድ አባት በቀን 83 ሸቀል፣ ምሳና መጓጓዣው ያለበት» ሲባል ግን ያስባል።

4. ገንዘቡ የት እንዳለ ፈልጉ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ከዚህ ሁሉ መመሪያ አንድ ደረጃ ብቻ በደንብ ብትሠሩ ይህን ሥሩ።

የመጀመሪያው ምንጭ ትሚኻ ነው፣ የምስራድ (የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት) ድጎማ። በ1985 እ.ኤ.አ. በወጣው የበጀት መሠረት ሕግ አንቀጽ 3ሀ መሠረት ምስራድ ለወደደው አሙታ ገንዘብ መስጠት አይችልም። መስፈርት አውጥቶ፣ ረሹሞት በሚባለው የመንግሥት ጋዜጣ ላይ አትሞ፣ ለሁሉም እኩል ማካፈል አለበት። መስፈርቱ ምብሐኔ ትሚኻ ይባላል። ስለዚህ ሚኒስትሩ እጃችሁን ጨብጦ «እረዳችኋለሁ» ቢል ደስ ይበላችሁ፣ ግን ገንዘብ አገኘን ብላችሁ ሰው እንዳትቀጥሩ። መስፈርቱን አንብቡ። ቃል በቃል። ስንት ተገልጋይ ይጠይቃል? ስንት ዓመት ልምድ? በሳምንት ስንት ሰዓት? አንዱን ካላሟላችሁ የቀረው ቢሟላም ዋጋ የለውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። መስፈርቱ ራሱ ሊቀየር ይችላል። ሲሻሻል ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት ይወጣል፣ ማንም ሰው አስተያየት መላክ ይችላል። እንበልና መስፈርቱ «ቢያንስ 40 ተሳታፊ» ይላል፤ የእናንተ ሰፈር አረጋውያን 30 ናቸው። እዚህ ላይ ለኛ ብቻ ልዩነት አድርጉልን ማለት አይሠራም፤ ሕጉ አይፈቅድላቸውም። «ቁጥሩ ወደ 25 ይውረድ፣ ምክንያቱም በቋንቋ ምክንያት ወደ ትልቁ መዋያ መሄድ የማይችሉ አነስተኛ ቡድኖች በብዙ ከተማ አሉ» ማለት ግን ይሠራል። ከተሳካ እናንተ ብቻ ሳትሆኑ በየከተማው ያሉ ትናንሽ ቡድኖች ሁሉ ይገባሉ። ለኔ ከውትወታ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው። አንድ ደብዳቤ ብዙ ዓመት ይሠራል።

ሁለተኛው የኢሪያው የረቫሃ (የማኅበራዊ ደኅንነት) ክፍል ነው። ይህን እወቁ፦ አብዛኛው የማኅበራዊ አገልግሎት ወጪ 75 ከመቶው ከምስራድ ሃረቫሃ፣ 25 ከመቶው ከኢሪያው ነው የሚመጣው። በላይኛው ምሳሌ 172,350 ሸቀል የመንግሥት፣ 57,450 ሸቀል የኢሪያው ማለት ነው። ኢሪያው የሱን 25 ካላመጣ የመንግሥቱ 75ም ላይመጣ ይችላል። ድሃ ከተማ የሚጎዳውም በዚህ ነው። ስለዚህ «መንግሥት ገንዘብ አልሰጠም» ሲሏችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ኢሪያው ድርሻውን አስቀምጧል?

ሦስተኛው ኮል ኮሬ ነው፣ አመልክቱ የሚል ጥሪ። የቢቱዋሕ ለኡሚ ፈንዶች ለአረጋውያን እንክብካቤ፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ አደጋ ላይ ላሉ ልጆች ፕሮጀክት ያግዛሉ። ቫዓዳት ሃዒዝቮኖትም አለ፤ ሰዎች ለመንግሥት ያወረሱትን ገንዘብ ለበጎ ሥራ የሚያከፋፍል ኮሚቴ ነው። ለግንባታ፣ ለዕቃ፣ ለሙከራ ፕሮጀክት ጥሩ ናቸው። ለዘለቄታ ደሞዝ ግን አትመኩባቸው፤ ጊዜው ሲያልቅ ያልቃል።

አራተኛው የመንግሥት ውሳኔ ነው። የመንግሥት ውሳኔዎች ቁጥርና ቀን አላቸው። ለምሳሌ ስለ ኢትዮጵያ ተወላጆች ውህደት የወጣው ውሳኔ ቁጥር 324 ነው፣ ሐምሌ 31 ቀን 2015 እ.ኤ.አ.። ደብዳቤያችሁ እንዲህ ያለ ቁጥር ላይ ከቆመ የምትጠይቁት አዲስ ነገር መሆኑ ይቀራል፤ «የወሰናችሁትን ፈጽሙ» ማለት ይሆናል። ብቻ ከመጥቀሳችሁ በፊት ውሳኔው ዛሬም በሥራ ላይ መሆኑንና ምን እንደተተካበት አረጋግጡ፤ በቀረ ውሳኔ የተጻፈ ደብዳቤ በአንድ መስመር ነው የሚመለሰው።

የትኛው ሰዒፍ እንደሆነ ካልገባችሁ ጠይቁ። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የመረጃ ነፃነት ሕግ መብት ይሰጣችኋል። እያንዳንዱ የመንግሥት አካል ለዚህ የተመደበ ሰው አለው፤ መልስ በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት፣ በምክንያት ሊያራዝም ቢችልም። የምትጠይቁትን ጠባብ አድርጉት፦ «ባለፉት 2 ዓመታት ለአረጋውያን መዋያ የተመደበው ስንት ነው? ከዚያ ስንት ሥራ ላይ ዋለ? በየትኛው ሰፈር?» ሁለተኛዋን ጥያቄ አትርሷት። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ተመድቦ ሳይሠራበት ይቀራል፤ እሱን ማስለቀቅ አዲስ በጀት ከማስጸደቅ በጣም ይቀላል።

5. ጊዜውን ያዙ

የበጀት ዓመቱ ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31 ነው። መንግሥት በጀቱን ለክነሴት (ለፓርላማው) ቢያንስ 60 ቀን ቀደም ብሎ፣ ማለትም ኖቬምበር መግቢያ አካባቢ ማቅረብ አለበት። ከዚያ በፊት በበጋው ምስራዶቹ ከገንዘብ ሚኒስቴሩ የበጀት ክፍል ጋር ሲከራከሩ ይከርማሉ። እዚያ ክፍል ለእያንዳንዱ ምስራድ የተመደበ ረፈረንት የሚባል ወጣት ባለሙያ አለ፤ ስሙን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው፣ እጁ ግን ረጅም ነው።

አሁን ስግድን አስቡት። በአይሁድ አቆጣጠር በሔሽቫን ወር 29 ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር ውስጥ። ያን ሰሞን ሁሉም ያስታውሰናል። ሚኒስትሮች ይመጣሉ፣ ክነሴት ውስጥም ስለኛ ይወራል። እኛም ጥያቄያችንን ለዚያ ቀን እናስቀምጣለን። ያኔ ግን የበጀቱ ረቂቅ ተጽፎ አልቋል! ጥያቄያችሁን ሜይና ጁን ላይ አስገቡ፤ ስግድ ላይ «ያ ያልነው የት ደረሰ?» ብላችሁ ለማስታወስ ተጠቀሙበት።

ምርጫ ካለ ወይም በጀቱ በጊዜው ካልጸደቀ ምስራዶች በየወሩ ያለፈውን ዓመት አንድ አሥራ ሁለተኛ እየተጠቀሙ ይቆያሉ። በዚህ ጊዜ አዲስ አገልግሎት ማስከፈት ከባድ ነው። ነባሩ እንዳይዘጋ ላይ አተኩሩ።

6. አንድ ገጽ ጻፉ

አንድ ገጽ። በዕብራይስጥ። በኮምፒውተር የተጻፈ። ልጆቻችን በዚህ ያግዙ፤ ሠራዊት ጨርሰው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ስንት አሉን። ቅርጹ እንዲህ ይሁን፦

«ለተከበሩ የረቫሃ ክፍል ኃላፊ። ጉዳዩ፦ በዚህ ሰፈር የአረጋውያን መዋያ ስለመክፈት። በሰፈሩ መዋያ የሌላቸው 30 አረጋውያን መዝግበናል። ላለፉት ሦስት ወራት የያዝነው መዝገብ ተያይዟል። በሳምንት 2 ቀን የሚከፈት መዋያ እንጠይቃለን። የዓመት ወጪው 229,800 ሸቀል ነው፤ የኢሪያው ድርሻ 57,450 ሸቀል። ቦታው ተገኝቷል፤ ማትናሱ አዳራሹን ለመስጠት ተስማምቷል። በ2 ሳምንት ውስጥ የስብሰባ ቀን እንዲሰጠን እንጠይቃለን።»

መጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እዩ። ቀን የሌለው ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። ከላይ ያለችው «ቦታው ተገኝቷል» ደግሞ እናንተም ድርሻ ይዛችሁ እንደመጣችሁ ታሳያለች።

7. ከታች ወደ ላይ ውጡ

መጀመሪያ የሰፈሩ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ ቀጥሎ የክፍሉ ኃላፊ፣ ቀጥሎ የከተማው ምክር ቤት አባል፣ ቀጥሎ ከንቲባው፣ ከዚያ ምስራድ፣ በመጨረሻ ክነሴት። ለምን በተራ? ቀጥታ ኢየሩሳሌም ከሄዳችሁ ምስራዱ የመጀመሪያ ጥያቄው «ኢሪያው ምን ይላል?» ነው። መልስ ከሌላችሁ ትመለሳላችሁ። ከታችኛው ሰው ሳትነጋገሩ አለቃው ዘንድ መሄዳችሁን ደግሞ ታችኛው ሰው አይረሳውም፤ ነገ አገልግሎቱን የሚያስኬደው ግን እሱ ነው።

ከኢሪያው ልትይዙት የሚገባ አንድ ወረቀት አለ፦ 25 ከመቶውን እንሸፍናለን የሚል የተፈረመ ደብዳቤ። እሱን ይዞ ምስራድ መግባትና ባዶ እጅ መግባት አንድ አይደለም። የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በጀት በሚጸድቅበት ቀን ሃያ ሆናችሁ ሄዳችሁ በጸጥታ መቀመጥ ብቻ ይታያል።

ክነሴት ገንዘብ አይሰጥም፤ ይሄን ብዙ ሰው ይስታል። የዓሊያ፣ የክሊታና የትፉጾት ኮሚቴ (ወደ እስራኤል የሚገቡትን፣ አቀባበላቸውንና በውጭ ያሉ አይሁዶችን ጉዳይ የሚያየው) ማድረግ የሚችለው ምስራዱን ጠርቶ በቃለ ጉባኤ ላይ መልስ ማስያዝ ነው። ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። «እየታየ ነው» ሲላችሁ የከረመ ቢሮ እዚያ ቀን መጥቀስ አለበት። የክነሴት አባልም በሸኢልታ ሚኒስትሩን በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄውን ራሳችሁ አርቅቃችሁ ስጡት፤ ረዳቶቻቸው ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ተጽፎ የመጣ ነገር ይወጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ለአንድ ፓርቲ አትወግኑ። የአሙታውን ስምና ዓርማ በምርጫ ቅስቀሳ ላይ አታስገቡ፤ በሕግ ያስጠይቃል፣ መንግሥት ሲቀየርም ደጃችሁ ይዘጋል። ከመንግሥቱም ከተቃዋሚውም ወገን አንድ አንድ ወዳጅ ይኑራችሁ።

8. ኮሚቴ ፊት ስትናገሩ

የምታገኙት 2 ወይም 3 ደቂቃ ነው። የተሳታፊዎችን ስምና የመታወቂያ ቁጥር ለኮሚቴው ጸሐፊ ቀድማችሁ ላኩ፤ ቴዑዳት ዜሁት (መታወቂያ) ሳትይዙ አትግቡ። ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ፍተሻው ያቆያል።

ሁለት ሰው ይናገር። አንድ ወጣት ቁጥሩን ይበል። አንድ አባት ወይም እናት በአማርኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበሉ፣ ወጣቱ ይተርጉም። ለሽማግሌዎቹ ግን ቀድማችሁ በደንብ አስረዷቸው። በኛ ባህል ትልቅ ሰው ከመሬት አንሥቶ፣ መርቆ፣ አመስግኖ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው፤ እዚያ ደግሞ ምርቃቱ ሳያልቅ ደቂቃው ያልቅና ሰብሳቢው ያቋርጣቸዋል። ይህ ሲሆን አይቼ በጣም አዝኛለሁ። አባታችን ተሸማቀው ተቀመጡ፣ የመጡበትንም ሳይናገሩ ቀሩ። ስለዚህ ቤት ውስጥ በሰዓት ተለማመዱ፤ «አባባ፣ ምርቃቱን መጨረሻ ላይ ያድርጉልን» በሏቸው። ይስማማሉ።

የመጨረሻ ቃላችሁ ጥያቄ ይሁን፦ «ምስራዱ እስከ መቼ መልስ ይሰጠናል?» ሰብሳቢው ቀን እንዲያስቀምጥ ለምኑት። ያ ቀን ቃለ ጉባኤ ላይ ከገባ በኋላ የእናንተ ነው።

9. በ48 ሰዓት ውስጥ ጻፉላቸው

ከየትኛውም ስብሰባ በኋላ አጭር ኢሜይል ላኩ፦ ስለተቀበላችሁን እናመሰግናለን፣ የተስማማነው ይህ ነው፣ የሚፈጽመው እገሌ ነው፣ ቀኑ ይህ ነው። በቃል የተባለ ነገር ሰውየው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ኃላፊዎች ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይቀየራሉ። መልስ ካልመጣ በ2 ሳምንቱ ደውሉ፣ ከዚያ በወሩ። ጆሮ ዳባ ልበስ ካሏችሁ የመንግሥት ተቆጣጣሪው የሕዝብ ቅሬታም ይቀበላል፤ ክፍያ የለውም። ግን መጀመሪያ ለቢሮው መጻፋችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋችኋል፣ ለዚህም ነው ኢሜይሉ።

ስድብና ማስፈራሪያ አትጻፉ። ንዴቱ ይገባኛል፣ የኔም ነው። ግን ያ ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይቀራል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።

10. ከተፈቀደ በኋላ

የድጎማ ገንዘብ ብዙ ጊዜ በአንዴ አይመጣም። ሠርታችሁ፣ ደረሰኝ አቅርባችሁ፣ ሪፖርት አስገብታችሁ ነው የሚለቀቀው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ደሞዝ ከምን እንደምትከፍሉ ሳታውቁ በር አትክፈቱ። የፈቃድ ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት የወጣ ወጪም ላይመለስ ይችላል።

በየቀኑ የተገልጋዮችን ፊርማ ያዙ። መጻፍ የማይችሉ ካሉ እንዴት መመዝገብ እንደሚፈቀድ ቀድማችሁ ጠይቁ። ተቆጣጣሪ ሳይነግር ይመጣል፤ ዝርዝሩ ላይ 30 ካለና ወንበር ላይ 14 ካሉ ገንዘቡ ይቆረጣል፣ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል። የመጣውን ብቻ መዝግቡ። ደረሰኝና መዝገብ 7 ዓመት አስቀምጡ።

በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች

ኒሁል ታኪን ጊዜው ሲያልፍ አለማየት። ብዙ ጥሩ ማመልከቻ በዚህ ወድቋል። የአሙታው የሒሳብና የሥራ ሪፖርት በየዓመቱ እስከ ጁን 30 ካልገባ የሚቀጥለው ማረጋገጫ ይዘገያል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

የአሙታው ዓላማ ውስጥ የሌለ ነገር መጠየቅ። ደንባችሁ «ባህል ለመጠበቅ» ብቻ ካለ ለአረጋውያን ምሳ ማመልከት አስቸጋሪ ነው። ዓላማ ለመቀየር የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔና የራሻም ሃአሙቶት ፈቃድ ይጠይቃል፣ ጊዜ ይፈጃል።

ለአንድ ወጪ ከሁለት ቦታ መቀበልና አለማሳወቅ። ከሌላ ምንጭ ያገኛችሁትን ሁሉ ጻፉ። ማሳወቅ ብዙ ጊዜ አይጎዳም፤ መደበቅ ግን ያስመልሳል።

በመጨረሻው ቀን ማስገባት። ኮምፒውተሩ ይጨናነቃል፣ ካርዱ አይነበብም፣ አንድ ሰነድ አልጫን ይላል። ከሳምንት በፊት ጨርሱ።

በአንድ ከተማ ሦስት አሙታ ሆኖ ለአንድ መዋያ ሦስት ደብዳቤ መጻፍ። ኢሪያው «መጀመሪያ እናንተ ተስማሙ» ይልና ያርፋል። ተቀምጣችሁ በአንድ ወረቀት ሦስታችሁም ፈርሙ። ካስፈለገ ቄሶቹንና ሽማግሌዎቹን አስገቡ፣ እርቅ የነሱ ሥራ ነው።

ካርቲስ ሃኻሙንና የይለፍ ቃሉን «እኔ ላስገባላችሁ» ላለ አማካሪ አሳልፎ መስጠት። ፊርማችሁ ነው፤ ራሳችሁ ተገኝታችሁ አስገቡ። ሥራውን ሁሉ በአንድ ሰው ጭንቅላት ላይ ማስቀመጥም እንዲሁ ነው። ያ ሰው ቢታመም ወይም ሥራ ቢቀይር ማን ቢሮ ማን እንደነበረ የሚያውቅ አይኖርም። ደብተሩን፣ ፋይሉንና የስልክ ቁጥሮቹን ሁለተኛ ሰው እንዲያውቃቸው ዛሬ ማታ አሳዩት።